ሰዓቱ 182 ብሏል፤ ልሩጥ ወይስ ላቁም?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚገቡልኝ ጥያቄዎች መካከል ስለ ሩጫና ስለ ልብ ምት የሚጠይቁት በዝተዋል። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ 34 ዓመቴ ነው። ለታላቁ ሩጫ እየተዘጋጀሁ ነው። ትናንት ዳገት ላይ ሰዓቴ 182 አለኝ። ጓደኛዬ ‹ልብህ ሊቆም ነው› ብሎ አስደነገጠኝ። እውነት ነው?» አንዲት እህት ደግሞ፦ «እኔ ቀስ ብዬ ነው የምሮጠው፤ ሰዓቱ ግን ሁልጊዜ ቀዩ ውስጥ ነሽ ይለኛል። ሩጫ ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?» ሌላው ወንድሙ ከአሜሪካ ሲመጣ ሰዓት ላምጣልህ እንዳለው ጽፎ፣ «ይጠቅመኛል ወይስ ጫማ ይሻለኛል?» ብሎ ጠይቆኛል። (ጫማህ ያለቀ ከሆነ ጫማ በለው።)

አጭሩን መልስ ልስጣችሁና ወደ ዝርዝሩ እንገባለን። የልብ ምት መለኪያ ሯጭን ይጠቅማል። ግን ብዙ ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ «ጨምር» ሊለን ሳይሆን «ቀስ በል» ሊለን ነው። ሁለተኛው ጥቅሙ የራሳችሁን ልብ ከራሳችሁ ጋር፣ የዚህን ወር ካለፈው ወር ጋር ለማስተያየት መቻሉ ነው። ከዚህ አልፎ «ጤነኛ ነህ» ወይም «ታመሃል» የሚል ወረቀት አይጽፍም። ችግር የሚመጣው ሰው ከሰውነቱ ይልቅ ቁጥሩን ማመን ሲጀምር ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ይህ ዕቃ ልባችንን እንዴት ነው የሚያውቀው?

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ ነው። ልብ በመታ ቁጥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጠራል። ሆስፒታል ኢሲጂ ስትነሡ ደረታችሁ ላይ የሚለጠፉት ነገሮች የሚያነቡት ይህንኑ ምልክት ነው፤ ቀበቶውም እንደዚያው። ፖላር የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ተመሥርቶ በ1982 ገመድ አልባውን መለኪያ ለሯጮች አቀረበ። እንግዲህ አስቡት፦ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ የገባው በ1960 ነው። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ያሸነፈው በ1968 ነው። ዕቃው ያኔ አልነበረም። «ሰዓት እስክገዛ ድረስ ልምምድ አልጀምርም» የምትሉ ሰዎች ምክንያታችሁን ቀይሩ።

ሁለተኛው እጅ ላይ የሚታሰረው ሰዓት ነው። ገልብጣችሁ ብታዩት ከሆዱ በኩል አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። ልብ ሲመታ ቆዳችን ሥር ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች በደም ሞላ ይላሉ፤ ደም ደግሞ አረንጓዴ ብርሃን ይመጥጣል። ሰዓቱ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንዳለ ቆጥሮ «የልብ ምትህ ይህን ያህል ነው» ይለናል። ስለዚህ የሚያየው ልብን ሳይሆን የብርሃን መወዛወዝን ነው። ቁጭ ብላችሁ ከሆነ ይህ ጥሩ ይሠራል። ስትሮጡ ግን እጅ ይወዛወዛል፣ ሰዓቱ ይንሸራተታል፣ በጠዋት ብርድ ቆዳ ላይ ያለው ደም ይቀንሳል። ጥቁር ቆዳ አረንጓዴውን ብርሃን የበለጠ ይመጥጣል የሚባለው ነገርም አለ። በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ግን አንድ መልስ አልሰጡም፤ ልዩነት ያገኙም ያላገኙም አሉ። ስለዚህ በዚህ ምክንያት አትጨነቁ። የምታስሩበት ቦታ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ከእጅ አንጓ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ የማይንሸራተት ግን እጅ የማያደነዝዝ አድርጋችሁ እሰሩት።

አንድ የሚያስቅ ስሕተት አለው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሰው ሲሮጥ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 እርምጃ ይረግጣል። ሰዓቱ አንዳንዴ ይምታታበትና በልብ ምት ፋንታ እርምጃውን ይቆጥራል። እናንተ በቀስታ እየሮጣችሁ፣ ከጓደኛችሁ ጋር እየተጫወታችሁ፣ ሰዓቱ «172» ብሎ ድርቅ ይላል። የልብ ምታችሁ 140 ሊሆን ይችላል። እንዴት ትለያላችሁ? ቁሙና በጣታችሁ ቁጠሩ (አቆጣጠሩን ከታች እነግራችኋለሁ)። ቁጥሩ በቆማችሁበት ቅጽበት ከ172 ወደ 130 ዱብ ካለም ጠርጥሩ፤ ልብ እንዲህ በአንድ ሰከንድ አይወርድም።

ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት ሰዓቶች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ፎጣ ላይ አስራችሁት «78» የሚል ሰዓት አይቻለሁ። እርግጥ ውድ የሚባሉትም በእንዲህ ያለ ነገር ይታለላሉ። ርካሹን ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ዳገት ወጥታችሁ ስትቆሙ ሰዓቱ ያለውንና በጣታችሁ የቆጠራችሁትን ማስተያየት ነው። ሦስት አራት ቀን ከተቀራረበ ተጠቀሙበት፤ ካልተቀራረበ ሰዓት ዕዩበት።

አሁን ወደ 182ቱ ልምጣ።

ያ ጓደኛ «ልብህ ሊቆም ነው» ያለው ከየት አምጥቶ ነው? ከ220 ላይ ዕድሜ ሲቀነስ ከፍተኛው የልብ ምት ይገኛል ከሚለው ቀመር ነው። 220 ሲቀነስ 34፣ 186። 182 ለ186 አራት ብቻ ቀረው፤ ስለዚህ «አለቀልህ»። ይህ ቀመር እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣ ጽሑፍ የታወቀ ሲሆን፣ ከተለያዩ ጥናቶች በተሰበሰቡ ነጥቦች መካከል በግምት የተሰመረ መስመር ነው። ለብዙ ሺህ ሰው አማካይ ሲወጣ ጥሩ ይገምታል። ለአንድ ሰው ግን ከ10 እስከ 12 ምት ወዲያ ወዲህ ማለቱ የተለመደ ነው፤ 20 የሚርቅም አለ። ማለትም ዕድሜያቸው 34 የሆነ ሁለት ፍጹም ጤነኛ ሰዎች የአንዱ ጣሪያ 170፣ የሌላው 204 ሊሆን ይችላል። በ2001 የወጣ ሌላ ቀመር አለ፤ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 ላይ ይቀንሳል። በተለይ ዕድሜያቸው ገፋ ላሉት የተሻለ ነው። ለ60 ዓመት ሰው የድሮው 160 ሲል አዲሱ 166 ይላል። እሱም ቢሆን አማካይ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ዳገት ላይ እየገፋህ 182 ማየትህ ብቻውን አያስደነግጥም። የጤነኛ ሰው ልብ ጣሪያው ላይ ሲደርስ አይፈነዳም፤ እግርህ ቀድሞ ይሰንፋል። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ደረትህን አንቆህ ነበር? ዓይንህ ጭልም ብሎብህ ነበር? ስትቆም በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩ እየወረደ መጣ? የመጀመሪያዎቹ መልሶች «አይ»፣ የመጨረሻው «አዎ» ከሆነ፣ ዳገት ወጣህ፣ ልብህ ሥራውን ሠራ፣ በቃ።

ሰዓታችሁም «ቀይ» «ብርቱካናማ» «አረንጓዴ» እያለ የሚከፋፍላችሁ በዚሁ ቀመር ነው። ዕድሜያችሁን ስትሞሉለት ሳይነግራችሁ ይቀንሰዋል። ሁልጊዜ ቀዩ ውስጥ ነሽ የተባለችው እህቴ፣ እያወራሽ መሮጥ ከቻልሽ ስሕተቱ የሰዓቱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ወይ ጣሪያሽ ከአማካዩ በላይ ነው፣ ወይ ሰዓቱ እርምጃሽን እየቆጠረ ነው። ማውራት ካልቻልሽ ግን ያንቺ «ቀስ» ገና ቀስ አልሆነም። መራመድ ጨምሪበት፤ ሦስት ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። ይህ አያሳፍርም።

የከፍታው ነገርም አለ። እኔ ያለሁባት መርጡለ ማርያም፣ አዲስ አበባም፣ ደብረ ማርቆስም፣ ሁሉም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያሉ ናቸው። አዲስ አበባን በሚያህል ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም እንዲሁ። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ለምዶታል። ከድሬዳዋ፣ ከጋምቤላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው ግን በዚያው ፍጥነት እየሮጠ የልቡ ምት ከለመደው ከፍ ሲል ያያል። ዲያስፖራ ወንድሞቼ ኅዳር ላይ ለታላቁ ሩጫ ስትመጡ «ሰዓቴ ተበላሸ» አትበሉ። ሰዓቱ ደህና ነው። በአገራችሁ ፍጥነት 10 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ አትሞክሩ፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ በሉ። የኢንተርኔት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ዝቅ ባለ ቦታ ለሚኖር ሰው የተጻፉ መሆናቸውንም አትርሱ።

ታዲያ «ቀስ በል» የሚለው ጥቅሙ ምንድን ነው?

የእኛ አገር ሯጭ፣ በተለይ ለጤና ብሎ የሚሮጠው የከተማ ሰው፣ ትልቁ ችግሩ ስንፍና አይደለም፤ ዙር ማክረር ነው። ሁለት ሰዎች እንጦጦ ላይ ወይም ባሕር ዳር ጣና ዳር ጎን ለጎን መሮጥ ከጀመሩ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ውድድር ይሆናል። ጀግንነታችን ያሸንፈናል። እንዲህ በየቀኑ መሐል ሰፋሪ ፍጥነት ላይ የሚሮጥ ሰው ለቀላሉ ቀን የከበደ፣ ለከባዱ ቀን የቀለለ ልምምድ ነው የሚሠራው። ከወር በኋላ ጉልበቱን ያመዋል፣ ይሰለቸዋል፣ ይተወዋል።

ታላላቆቹ እንዴት ነው የሚሠሩት? ስቴፈን ሳይለር የተባለ ኖርዌይ ውስጥ የሚሠራ ተመራማሪ የዓለም ምርጥ የጽናት ስፖርተኞችን ልምምድ ሲያጠና፣ ከልምምዳቸው ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ቀላል ሆኖ አገኘው። የእኛ አትሌቶች ይህን በቁጥር ሳይሆን በቦታ ያውቁታል። ለቀስታው ወደ 3,000 ሜትር ወደሚጠጋው እንጦጦ ጫካ ይወጣሉ፣ ኮሮኮንቹን ለሌላ ቀን ይይዛሉ፣ ለፍጥነቱ ዝቅ ወዳለው አቃቂ ይወርዳሉ። ማይክል ክሮሊ የተባለ እንግሊዛዊ የአንትሮፖሎጂ ሰው ከእኛ ሯጮች ጋር አሥራ አምስት ወር አብሮ ሮጦ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። ከታዘባቸው ነገሮች አንዱ እኛ ብቻችንን መሮጥ አለመውደዳችን ነው፤ ተሰልፈን፣ ከፊት ያለውን እግር እየተከተልን ነው የምንሮጠው። ጫካ ውስጥ ፍጥነቱን የሚይዘው ከፊት ያለው ሰው ነው። ያ ሰው ልምድ ካለው ከማንኛውም ሰዓት ይበልጣል።

እናንተ ግን ያ ሰው የላችሁም። ከሥራ በፊት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ብቻችሁን፣ ወይም ከናንተው ከባሰ ጓደኛ ጋር ነው የምትሮጡት። የልብ ምት መለኪያው ይህን የጎደለውን መሪ በመጠኑ ይተካል። ቀላል ቀናችሁ ከሆነ ከከፍተኛው ምታችሁ ከ60 እስከ 75 በመቶ ውስጥ ሁኑ፤ ዳገት ሲመጣ ቁጥሩ ካለፈ ተራመዱ። ግን ከፍተኛው ምት የሚለው ራሱ ግምት ነው ብለን የለ? ለዚህ ነው ቁጥሩን ከንግግር ጋር አመሳክሩ የምላችሁ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጡ መናገር የምትችሉበት ፍጥነት ላይ ሰዓታችሁን እዩ። 138 ይላል እንበል። ሦስት አራት ቀን እንዲሁ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ቀላሉ ሩጫችሁ «ከ140 በታች» ነው። ይህ የእናንተ ቁጥር ነው፤ ከቀመር የመጣ አይደለም።

ይህን ቁጥር ካገኛችሁ በኋላ ነው ዕቃው የሚጣፍጠው። በየሁለት ሳምንቱ ያንኑ መንገድ፣ በዚያው የቀን ሰዓት፣ በ140 ሩጡትና ደቂቃውን ጻፉ። መጀመሪያ 5 ኪሎ ሜትር በ40 ደቂቃ የነበረው ከሁለት ወር በኋላ በ36 ደቂቃ ከሆነ፣ ልባችሁ በዚያው ድካም ብዙ ሥራ እየሠራ ነው። ከሰው ጋር ሳትወዳደሩ ማደጋችሁን የምታዩበት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ለአጭር ፈጣን ሩጫ ግን ቁጥሩን እርሱት። 200 ሜትር በፍጥነት ስትሮጡ ልብ ዘግይቶ ነው የሚከተለው፤ እናንተ ጨርሳችሁ ስትቆሙ ነው ቁጥሩ ጣሪያ የሚነካው። እዚያ ላይ የሚያስፈልጋችሁ የሩጫ ሰዓት ብቻ ነው።

ደግሞ ልብ ብቻውን አይደለም የሚሮጠው፤ ሌሊት ያሳለፋችሁትም አብሯችሁ ይሮጣል። ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝታችሁ ከሆነ፣ ከቤት ስትወጡ ሁለት ስኒ ቡና ከጠጣችሁ፣ ከአለቃችሁ ጋር ተጣልታችሁ ከሆነ፣ ፀሐዩ ከከረረ፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አንድ ሰዓት በተመሳሳይ ፍጥነት ብትሮጡ እንኳ በላብ ፈሳሽ ስለሚቀንስና ሰውነት ስለሚሞቅ መጨረሻ ላይ ምቱ ከመጀመሪያው 10 ወይም 15 ቢበልጥ የተለመደ ነው።

ስለ ጾም ብዙዎች ስለምትጠይቁኝ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም ሳይቀምሱ የሚቆዩ ብዙ ናችሁ፤ በረመዳን ደግሞ ሙስሊም ወንድምና እህቶቻችን ቀኑን ሙሉ ውኃ አይጠጡም። ፈሳሽ ሲቀንስ ልብ በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው ደም ያንሳል፤ ያን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሳትጠጡ ብትሮጡ በቀላሉ ፍጥነት የለመዳችሁት 138 ተነሥቶ 150 ሊል ይችላል። ይህ ሰዓቱ በእውነት የሚረዳችሁ ቀን ነው፤ ፍጥነታችሁን ትታችሁ ቁጥራችሁን ጠብቁ፣ ማለትም በጣም ቀስ በሉ። ከተቻለ ሰዓቱን አሸጋሽጉት። ለሚጾም ሰው ከማፍጠሪያው ትንሽ ቀደም ብሎ አጭርና ቀላል ሩጫ ሮጦ ወዲያው መጠጣት፣ በማለዳ ሮጦ ቀኑን ሙሉ ተጠምቶ ከመዋል ይሻላል። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን እየጾማችሁ ከመሮጣችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ፤ እዚያ ላይ የሚያሰጋው ልብ ሳይሆን የስኳር መውረድ ነው።

አሁን ቁጥሩን ማመን ወዳመጣው ችግር።

እዚህ ሆስፒታል አንድ የ52 ዓመት መምህር መጡ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ሰዓት ልኮላቸዋል። ሲነጋጋ በአስፋልቱ ዳር ሶምሶማ ይሮጣሉ። ሰዓቱ ላይ ያለው ፕሮግራም «ከ118 እስከ 134 መካከል ሩጥ» ይላቸዋል። (220 ሲቀነስ 52፣ 168፤ ከዚያ ላይ ከ70 እስከ 80 በመቶ። ሒሳቡ ትክክል ነው።) የሳቸው ግን ከ108 አልፎ አያውቅም።

«ታዲያ ዶክተር፣ ሰዓቱ ይጨምሩ ይለኛል፤ እኔም እጨምራለሁ። ባለፈው እሑድ ዳገቷ ላይ ዞረብኝና በጉልበቴ ተንበረከክሁ።»

«መምህር፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ኧረ ምንም የለ። የግፊት ኪኒን ነች፤ እሷን ከጀመርሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ።»

ኪኒኗን ከኪሳቸው አወጡ። አቴኖሎል ነው።

አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎልና ፕሮፕራኖሎል ቤታ ብሎከር ከሚባለው ክፍል ናቸው። ሥራቸው ልብ ላይ ፍሬን መያዝ ነው፤ ምቱን ቀስ ያደርጋሉ፣ ጣሪያውንም ያወርዳሉ። እኚህ ሰው እንግዲህ ፍሬን ተይዞ ነዳጅ ሲረግጡ ነው የከረሙት። 118 ለሳቸው መካከለኛ ልፋት አይደለም፤ ሞት ሽረት ነው። ሰዓቱ መድኃኒታቸውን አያውቅም፣ አልጠየቃቸውምም። ግፊታቸውን ለካን፣ ኢሲጂ አነሣን፣ ደህና ነበር። ኪኒኑን እንዲቀጥሉ፣ ሩጫውንም እንዲቀጥሉ፣ ቁጥሩን ግን እንዲተዉትና እያወሩ መሮጥ በሚችሉበት ልክ እንዲሄዱ ተስማማን። ሰዓቱን አልጣሉትም፤ አሁን ደቂቃ ያዩበታል።

ይህን ያነበባችሁ የግፊት ታካሚዎች አንድ ነገር አደራ፦ «ለካስ ያደከመኝ ኪኒኑ ነው» ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት። ቤታ ብሎከርን በድንገት ማቆም ግፊትንና የልብ ምትን አስፈንጥሮ ያወጣል፤ የልብ ደም ሥር ችግር ላለበት ሰው አደገኛ ነው። አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ደግሞ የልብ ምትን እንዲህ አያወርዱም። ስለዚህ የምትወስዱት የትኛው እንደሆነ ስሙን ማወቅ አለባችሁ፤ «ነጯ ኪኒን» አይበቃም።

ተቃራኒውም አለ፦ ሰዓቱ «ደህና» እያለ ሰውነት «ደህና አይደለሁም» የሚልበት። እየሮጣችሁ ደረታችሁን ካነቃችሁ ወይም ከከበዳችሁ፣ ሕመሙ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ግራ እጅ ከሄደ፣ ራሳችሁን ከሳታችሁ ወይም ልትስቱ ከደረሳችሁ፣ ልባችሁ ሥርዓት በሌለው መንገድ መንፈራገጥ ከጀመረ፣ ሰዓቱ 120ም ይበል 190 አቁሙ። በዚያው ቀን ታዩ። ከሮጡ በኋላ ሳይሆን እየሮጡ መሃል ራስን መሳት በተለይ ቀልድ የለውም።

በአገራችን ወጣቶች ላይ ደግሞ ሁልጊዜ በጭንቅላቴ የምይዛት ነገር አለች፤ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም (ቶንሲል የምንለው) በወጉ ሳይታከም ሲቀር የሚከተለው የልብ ቫልቭ ሕመም፣ ሪውማቲክ የሚባለው። የ19 ዓመት ልጅ ከእኩዮቹ ቀድሞ ትንፋሽ ካጠረው፣ ማታ ሲተኛ ሁለት ትራስ ካስፈለገው፣ «ልምምድ ስላጣ ነው» ብላችሁ ሰዓት አትግዙለት፤ ልቡ በስቴቶስኮፕ ይሰማ፣ ካስፈለገም ኢኮ ይነሣ። ቤተሰባችሁ ውስጥ በወጣትነቱ ሳይታመም በድንገት የሞተ ሰው ካለም ጠንከር ያለ ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ታዩ።

ሰዓቱ ለሐኪም የሚጠቅም መረጃ የሚሰጠው ምናልባት በዕረፍት ጊዜ ነው። የአዋቂ ሰው የዕረፍት ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። ብዙ የሚሮጥ ወይም ጉልበት ያለው ሥራ የሚሠራ ሰው ከዚህ ሊወርድ ይችላል። እዚህ ከዓባይ ቆላ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው ገበያ የሚመጡ ገበሬ ወጣቶች ለሌላ ጉዳይ መጥተው ትርታቸውን ስንቆጥር 50 ወይም 52 ሆኖ እናገኘዋለን። ምንም አልሆኑም፤ ልባቸው ሰልጥኖ ነው። ግን ከ50 በታች ሆኖ ማዞርና መድከም ካለበት ያ ሌላ ነው። በተቃራኒው ለሳምንታት፣ ተኝታችሁ እንኳ፣ ያለ ምክንያት ከ100 በላይ ከሆነ ልምምድ ከማጠናከራችሁ በፊት ደም ማነስና እንቅርት ይታዩ። ወር አበባዋ የሚበዛ ሴት ሄሞግሎቢኗ ወርዶ ልቧ ሲሮጥ «ኮንዲሽን የለኝም» ብላ ራሷን የምትወቅስ ብዙ ናት። ክብደቱ የሚቀንስ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሙቀት የማይችል ሰውም የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ አንገት ላይ እብጠት ባይኖርም።

የዕረፍት ምታችሁን በየጠዋቱ ከአልጋ ሳትነሡ የምታዩ ከሆነ የራሳችሁን ልማድ ታውቃላችሁ። ሁልጊዜ 62 የሆነው አንድ ቀን 72 ከሆነ፣ ወይ ደክማችኋል፣ ወይ አልተኛችሁም፣ ወይ ጉንፋን እየመጣ ነው። ያን ቀን አትሮጡ ወይም ተራመዱ። ትኩሳት እያለ ደግሞ በፍጹም አይሮጥም፤ ከቫይረስ ሕመም ጋር የልብ ጡንቻ ሊቆጣ ይችላል።

ሰዓት የሌላችሁ ምንም አልቀረባችሁም። የአንድ እጃችሁን መዳፍ ወደ ላይ አዙሩና የሌላውን እጅ ሁለት ጣቶች ከአውራ ጣት ሥር፣ አንጓው ላይ አሳርፉ። አውራ ጣታችሁን ለመቁጠር አትጠቀሙ፤ የራሱ ትርታ ያሳስታችኋል። ዕረፍት ላይ 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ2 አባዙ። ሩጫ ላይ ከሆነ እንደቆማችሁ ወዲያው 10 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ6 አባዙ፤ ከዘገያችሁ ልብ ስለሚወርድ ቁጥሩ ይሸሻል። አንገት ላይ የምትቆጥሩ በአንድ በኩል ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ።

ጉንናር ቦርግ የተባለ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ሰው ደግሞ ቁጥር ሳይቆጠር ልፋት የሚለካበትን መንገድ ሠርቷል። ከ6 እስከ 20 ያለ ደረጃ ነው፤ 6 ቁጭ ማለት ነው፣ 20 ከዚህ በላይ አልችልም ማለት ነው። ለምን ከ6 ጀመረ? ለጤነኛ ወጣት የተሰማውን ቁጥር በ10 ስታባዙት የልብ ምቱን ገደማ እንዲሰጥ ነው። 13 ከተሰማችሁ 130 አካባቢ። ሰውየው ያን ሁሉ ዓመት አጥንቶ የደረሰበት ነገር፣ ሰው የራሱን ድካም ለመገመት ጎበዝ ነው የሚል ነው።

ሰዓት ላምጣልህ ለተባለው ወንድሜ፦ እየሮጥክ ቆይተህ ከሆነና ቀላሉን ቀን ቀላል ማድረግ ካቃተህ፣ አዎ ያምጣልህ። ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ከእጁ ሰዓት ይበልጥ ትክክል ነው፤ ከማሰርህ በፊት ውስጡን በውኃ እርጠብ አድርገው። ገና ልትጀምር ከሆነ ግን መጀመሪያ ሁለት ወር እያወራህ ሩጥ።

በውስጥ መስመር ስትጽፉልኝ የሰዓቱን ፎቶ ብቻ አትላኩ። ዕድሜያችሁን፣ የምትሮጡበትን ከተማ፣ ስትሮጡ የሚሰማችሁን፣ መድኃኒት ካለ ደግሞ ስሙን ከእሽጉ ላይ እንዳለ ገልብጣችሁ ጻፉ። ደረት የሚያንቃችሁ ከሆነ ግን ለእኔ አትጻፉ፤ አጠገባችሁ ወዳለው ጤና ተቋም ሂዱ።